የቅዳሜው ሙሌት

የኢንጂነር ዘለቀን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ የተጠየቅሁት ባረፉ በማግስቱ፣ ጎረቤቴ የሁለተኛ ፎቁን ሶሌታ በኮንክሪት በሚሞላበት ቀን ነው። ፍኖተ ሰላም ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆናለች። ሚክሰሩ ከመስኮቴ ሥር ሲያጓራ ይውላል፣ የእርጥብ ስሚንቶ ሽታ ቤቴን ይሞላዋል። ሌላው ሰው ይህን ሽታ ይጠላዋል። እኔ ግን ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንኳ በሸተተኝ ቁጥር እጄ ሥራ ፈትቶ መቀመጡ ያሳፍረኛል። ልጃቸው ሰላማዊት ጥቁር ለብሳ በሬን ስታንኳኳ መስኮቱን ልዘጋ ተነስቼ ነበር።

“እትዬ ይታይሽ፣ የአባዬን ታሪክ ከእርስዎ በቀር ማን ይጽፈዋል?” አለችኝ ገና ሳትቀመጥ። “ስምዎን ሳያነሳ አይውልም ነበር እኮ። ‘ሙሌት አስቁሜ ያስተማርኳት ልጅ’ እያለ።”

“ተቀመጪ” አልኋት።

እምቢ የሚባልበት ቀን አልነበረም፤ እሺ አልሁ። በእኛ አገር ሰው ሲቀበር በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ታሪኩ ይነበባል፤ ሬሳ ፊት ቆሞ “ይህስ ሐሰት ነው” የሚል የለም። ስለዚህ ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያላገኘውን ጠባይ በዚያች ሩብ ሰዓት ያገኛል። በዚህ ቅር ብሎኝ አያውቅም። ኢንጂነር ዘለቀን ግን በገዛ እጄ “አስተማሩኝ” ብዬ ልጽፍ ነው ወይስ አልጽፍም? ሰላማዊት ከሄደች በኋላ ወረቀት ዘርግቼ የተቀመጥሁት ይህችን አንዲት ቃል ይዤ ነው። ሰዎች “ይታይሽ ቂመኛ ናት” ይሉኛል። ቂም ማለት የሆነውን እንደሆነው ማስታወስ ከሆነ፣ ይበሉኝ።

ያን ጊዜ የመንገድ ሥራ ቢሯችን ከመናኸሪያው ጀርባ የነበረ፣ ዝናብ ሲጥል ሰው ከሰው የማይደማመጥበት ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነበር። እኔ ዲፕሎማ ይዤ የመጣሁ ቀያሽ ነበርሁ፤ ቆይቶ ደግሞ የድልድይ ሥራ ተቆጣጣሪ አደረጉኝ። አለባበሴን ዛሬ ለልጆች ብነግራቸው ይስቃሉ። ካኪ ሱሪ ታጥቄ በላዩ ጉርድ ቀሚስ እደርብ ነበር። ሱሪ ብቻ ለብሶ ገጠር መውረድ ወሬ ነው፤ ቀሚስ ብቻ ለብሶ ወንዝ ዳር የቅየሳ መሣሪያ ማቆም ደግሞ ሌላ ወሬ ነው። በእግሬ የሸራ ጫማ፣ በራሴ ላይ ከቡሬ ገበያ የገዛሁት የሰሌን ባርኔጣ። ዛሬ ቡሬ ካምፓስ አላት። ሴት ልጆች የሥራ ቆባቸውን ደፍተው፣ ስልካቸውን በጆሯቸው ሰክተው፣ በባጃጅ ተሳፍረው ወደ ክፍል ይሄዳሉ። ሳያቸው ደስ ይለኛል እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ትንሽ ያበሳጩኛል። አንዲትም ቀና ብላ “እናንተስ እንዴት ተማራችሁ?” ያለችኝ የለችም።

እኛ እንዲህ ነበር የተማርን። ባሕር ዳር ሠራተኛን ቅዳሜና እሑድ ሲቪል ኢንጂነሪንግ የሚያስተምር ኮሌጅ ተከፈተ ሲባል ሰማሁ፤ ሄጄ ተመዘገብሁ። ዓርብ ከቀትር በኋላ ከሥራ ቦታ ወደ ቡሬ እወጣና መገንጠያው ጥግ ካለው ከሐጂ ሱቅ እርሳስና የሥዕል ወረቀት እገዛለሁ። ሐጂ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ልጄ፣ ይህን እርሳስ ትበዪዋለሽ እንዴ? ባለፈው ሳምንት አልገዛሽም?” ይሉኝ ነበር። አውቶቡሱ እስከ ባሕር ዳር አሥራ አምስት ብር ነበር። ኮሶበር ላይ ብርዱ አጥንት ሲገባ፣ በመስኮት በኩል ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በሃምሳ ሳንቲም ይሰጡናል፤ ግማሹን ለመብላት፣ ግማሹን እጅ ለማሞቅ። ሾፌሩ ያለው አንድ የማሲንቆ ካሴት ብቻ ነበር። ቴፑ ከማርጀቱ የተነሳ ዳገት ላይ የዘፋኙ ድምፅ ይወፍራል፣ ቁልቁለት ላይ ይቀጥናል፤ ዱርቤቴ ስንደርስ ሴት መሆኑን ወንድ መሆኑን እንጠራጠር ነበር። መራዊ ላይ በቆሎ የጫነ ጋሪ መንገድ እስኪለቅልን ደብተሬን በጉልበቴ ዘርግቼ አጠና ነበር። እነዚያን የዓርብ ከሰዓቶች አሁን ሳስባቸው ድካሙ ጠፍቶ ሽታቸው ብቻ ቀርቷል፦ ናፍጣ፣ ድንች፣ አዲስ እርሳስ።

ኢንጂነር ዘለቀ የቢሮው ኃላፊ ነበሩ። አንቱታውን አልነፍጋቸውም፤ በሕይወት ሳሉም አልነፈግኋቸውም። ሲቆሙ እንደ ቱንቢ ቀጥ ያሉ፣ የካኪ ሳፋሪያቸው ደረት ኪስ ላይ ቀይና ሰማያዊ ብዕር የማይጠፋ ሰው ነበሩ። በእሳቸው ዘመን የመንግሥት ስሚንቶ ወደ ሰው ቤት አልሄደም። ይህንም እመሰክራለሁ። ትምህርት መጀመሬን የነገርኋቸው ቀን ቢሮው ሙሉ ሰው ነበር።

“ይታይሽ፣ ሁለት ሐብሐብ በአንድ እጅ አይያዝም” አሉኝ።

“ሁለት እጅ አለኝ፣ ጋሼ።”

“አንዱ የመንግሥት ነው፤ መሣሪያ መያዣ።”

ቢሮው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ያን ጊዜ አብሮ መሳቅ ከደመወዝ ጋር የሚመጣ ግዴታ ነበር።

“አትማሪ” ብለውኝ አያውቁም። ቢሉኝ ኖሮ አቤት የምልበት ቦታ አላጣም ነበር። የእሳቸው መንገድ ሌላ ነው። የድልድይ ሶሌታ አንዴ መሞላት ከተጀመረ ሞልቶ እስኪያልቅ አይቆምም፤ ተቆጣጣሪውም ከዚያ አይነቃነቅም። እሳቸውም ሙሌቱን ቅዳሜ ያደርጉታል። አንድ ጊዜ በጂጋ በኩል ስንሠራ፣ ሠራተኞቹ ከከተማ የመጡ የቀን ሠራተኞች ነበሩና ቅዳሜም ሆነ እሑድ ለእነርሱ አንድ ነበር፤ የፈተናዬን ቅዳሜ ሚክሰር ሥር ቆሜ ዋልሁ። ያ ትምህርት የሚሰጠው በዓመት አንዴ ስለነበር አንድ ዓመት እንዳለ ወደቀብኝ። አብረውኝ የጀመሩት ወንዶች አለፉኝ። ለምን እንዲህ እንዳደረጉኝ እስከ ዛሬ በትክክል አላውቅም። ከእሳቸው እኩል ወረቀት ይዤ እንዳልመጣ ይሆናል፤ ወይም ሴት ልጅ ስትሮጥ ማየት ደክሟቸው ይሆናል። ሞተዋል፤ የሚጠየቅ የለም።

በዓመቱ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ላይ ድልድይ ተጀመረ። ያ ሥራ የሕዝብ ነበር፦ ስሚንቶና ፌሮ ከቢሮው፣ ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበት ከአገሬው። ያረፍሁት በአያ እንየው ቤት ነው። አያ እንየው የተከበሩ ገበሬና የአገር ሽማግሌ ነበሩ፤ ዘራቸው ከአዊ ነው። ከባለቤታቸው ከእማማ ዘውዴ ጋር አማርኛ ያወራሉ፤ እኔ እንድሰማ የማይፈልጉት ነገር ሲመጣ ደግሞ ሁለቱም ወደ አዊኛ ይዞራሉ። ለመድሁትና፣ አዊኛው ሲጀመር ወይ ዶሮ ሊታረድልኝ ነው ወይ ሊታዘንልኝ ነው እል ነበር።

ፈተናው ሲቃረብ ኢንጂነር ዘለቀ በፒክአፕ መጡ። የታሰረውን ፌሮ ዞረው ዞረው አዩና፣ “ጥሩ ነው። ሙሌቱ የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ” አሉ።

“ጋሼ፣ ያን ቀን የስትራክቸር ፈተና አለኝ። ባለፈው ዓመት ያመለጠኝ።”

“አውቃለሁ” አሉኝ። አየር እንደሌለው ክፍል ነበረች፣ ያች “አውቃለሁ”።

“ሰኞ ቢሆንስ?”

“አንዱን ሳምንት ሚካኤል፣ ሌላውን ማርያም እያላችሁ የሥራው ጊዜ በበዓል አለቀ። ቅዳሜ!”

“ቅዳሜስ ሰንበት አይደለም? እዚህ አገር ቅዳሜ እርፍ አይነካም።”

“መንገድ የጽድቅ ሥራ ነው። ለቀበሌው ሊቀ መንበር ነግሬዋለሁ፤ ሕዝቡ ይወጣል። አንቺ ከሌለሽ ደግሞ ቦታውን የሚፈልግ ሰው አላጣም።”

ለማንም አልተናገርሁም። ሆዴን ለሰው የምዘረግፍ ሴት አይደለሁም። ሁለት ማታ እራቴን ስተው ጊዜ ግን እማማ ዘውዴ ነገሩን ከአፌ አወጡት። እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የሰንበቴ ማኅበር ተራ ነበር። ለፈተና ማጥኛ የኮሌጁ ክፍል ተዘግቶ ስለነበር እኔም ከሴቶቹ ጋር ተቀምጫለሁ። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ከዞረ በኋላ ወንዶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ አያ እንየውና ወንድማቸው ደግሞ ወደ አዊኛ ዞሩ። ዶሮ እንደማይታረድ አውቄያለሁ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ በአማርኛ፣ “እኛ ቅዳሜ የምንቆፍር ለሬሳ ነው። የሞተ አለ እንዴ?” ሲል ሰማሁ። ሰዉ ሳቀ፤ ወዲያው ስለ ዝናቡ ይወራ ጀመር።

ሐሙስ ዕለት አያ እንየው ከማሳ ሲመለሱ ድልድዩ ጋ አገኙኝ።

“ነገ ሂጂ” አሉኝ።

“ሰዉ ቢወጣስ፣ አያ? ሥራዬን ማጣቴ ነው።”

“አይወጣም።”

“ኢንጂነሩ የጽድቅ ሥራ ነው ይላሉ።”

“ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነን። ሂጂ፣ ልጄ። ያንችን ፈተና አናውቅልሽም፤ ቅዳሜን ግን እኛ እናውቃለን።”

ሄድሁ። ቅዳሜ ጠዋት ፈተናው ላይ ስቀመጥ በሁለት ቦታ ነበርሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ በሁለት ግንብ ላይ ስለተጋደመ ሶሌታ ነበር፤ እኔ የማየው ግን የሽንዲውን መንገድ፣ ሰው አሸዋ ተሸክሞ ሲወርድ፣ ኢንጂነሩ ስሜን ሲጠሩና የሚመልስ ሲታጣ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ዓርብ ዓርብ የተሳፈርሁት በአንድ ሽማግሌ ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ ጊዜ ልነሳና ልወጣ እስክሪብቶዬን ከደንሁት። ከዚያ “ቅዳሜን እኛ እናውቃለን” ያሉኝ ትዝ አለኝና መልሼ ከፈትሁት።

የሆነውን በኋላ የነገሩኝ ራሳቸው አያ እንየው ናቸው። ኢንጂነር ዘለቀ በማለዳ ስሚንቶ ጭነው፣ ሚክሰር አስጎትተው ሲደርሱ ወንዙ ዳር ማንም የለም። አያ እንየው ብቻ ንጹሕ ጋቢ ለብሰው የድንጋይ ክምሩ ላይ ተቀምጠዋል።

“ሰዉስ?”

“ሰዉ ሰንበት ላይ ነው፣ ጌታው።”

“እርስዎስ ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?”

“እኔማ እንግዳ ይመጣል ብዬ ነው። ሰንበት እንግዳ ይቀበሉበታል።”

“ይታይሽ የት አለች?”

“እርሷም ሰንበት ላይ ናት።”

ኢንጂነሩ ተቆጡ፣ ሊቀ መንበሩን አስጠሩ፤ ሊቀ መንበሩም ጋቢ ለብሶ መጣ። መጨረሻው አያ እንየው ቤት ገብተው ምሳ በልተው መመለስ ሆነ። “ጎመኑን ወደዱት” አሉኝ አያ እንየው።

ሰኞ አገሩ ሙሉ ወጣ። ወንዱ አሸዋና ጠጠር በባሬላ፣ ሴቱ ውኃ በእንስራ። እኔም ከመንገድ በቀጥታ ወርጄ ቦታዬ ላይ ቆሜያለሁ፤ የስንብት ደብዳቤ እየጠበቅሁ። ኢንጂነር ዘለቀ ሚክሰሩ ከመነሳቱ በፊት ሰዉን ሰበሰቡ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት “እምቢ ብላችሁኝ ነው” ማለት እንዴት ይቻላል? ስለዚህ ጉሮሯቸውን ጠርገው እንዲህ አሉ፦

“የቅዳሜውን ሥራ ወደ ዛሬ ያስተላለፍሁት እኔ ነኝ። ይህች ልጅ ፈተና ነበረባት። ሴት ልጅ መማር አለባት ብዬ ሙሌት አስቁሜያለሁ።”

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አያ እንየው ረጅም ሳል ሳሉና፣ “እግዜር ይስጥልን፣ ጌታው” አሉ። የቀረው የኔ ተራ ነበር። ሥራዬ በእሳቸው እጅ ነው፣ የሚቀጥለው ፈተናዬም እንደዚያው።

“አመሰግናለሁ፣ ጋሼ” አልሁና እጅ ነሳሁ።

ቅዳሜውን ይቅር ልላቸው እችል ነበር። ያችን “አመሰግናለሁ” ግን እስከ ዛሬ አልዋጥኋትም። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሙሌት አላደረጉብኝም፤ ራሳቸው ባወሩት ታስረው ይሁን እንጃ። እኔም ጨረስሁ። በምርቃቴ ድግስ፣ በገዛ ቤቴ፣ የሠራሁትን ወጥ እየበሉ ተነስተው ያንኑ ታሪክ አወሩ። በሰው ሠርግ አወሩት፣ በስብሰባ አወሩት። በየዓመቱ አንድ ነገር ይጨመርበታል፤ በመጨረሻ እንዲያውም ወደ ባሕር ዳር በራሳቸው መኪና ያደረሱኝ እሳቸው ሆኑ። እኔ ባለሁበት ሲያወሩት አንገቴን ደፍቼ አዳምጣለሁ፤ ሰው ትሕትና ይመስለዋል።

እንግዲህ የሕይወት ታሪካቸውን ስጽፍ ይህን ሁሉ በወረቀቱ ጎን አስቀምጬ ነው። ያሠሯቸውን ድልድዮች ጻፍሁ። ስሚንቶ አለመንካታቸውን ጻፍሁ። ክረምት ከበጋ በእግራቸው ወንዝ ለወንዝ መዞራቸውንም ጻፍሁ፤ እውነት ነውና። ስለ እኔ አንዲት መሥመር አልነበረበትም። ሰላማዊት ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ ተቀምጣ አነበበችው፤ ስትጨርስ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች።

“እትዬ፣ የሙሌቷ ነገር ቀረች።”

“የማውቀውን ጽፌያለሁ፣ ልጄ።”

“እሷን ሲያወራ እኮ እንባው ይመጣ ነበር።”

እንባቸው መምጣቱን እኔም አይቻለሁ። ሰው የደጋገመውን ያምናል። ልነግራት አፌን ከፈትሁ። ፊት ለፊታችን አልቃሾች ተቀምጠዋል፣ የልጅቱ ዓይን አብጧል። በልቤ “ዛሬ አይደለም” ብዬ ዘጋሁት። እሷ ግን ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጠረችው መሰለኝ።

በቀብሩ ቀን ታሪኩ ሲነበብ የጻፍሁት ሁሉ አለ፤ ከመጨረሻው በፊት ደግሞ ያልጻፍሁት መጣ። “በዘመናቸው የድልድይ ሙሌት አስቁመው፣ ዛሬ በመካከላችን የምትገኘውን ኢንጂነር ይታይሽን አስተምረው ለወግ ለማዕረግ ያበቁ...” ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ልክ እንደዚያ ሰኞ። አንዲት ሴት እጄን ጨብጣ፣ “ታድለሽ፣ እንዲህ ያለ አለቃ” አለችኝ። እንደገና አንገቴን ደፋሁ።

ከቅጥሩ ስወጣ አንድ ከዘራ መንገዴን ዘጋው። አያ እንየው ናቸው። ከዚያ ሁሉ አገር በባጃጅና በሚኒባስ መጥተዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ ምላሳቸው አልደከመም።

“ምነው ዝም አልሽ?” አሉኝ።

“እርስዎስ ምነው ዝም አሉ?”

“እኔማ ምን ልበል፤ የሰው አባት ተጋድሞ። ደግሞ ጎመናችንን የበላ ሰው ነው።” ከዚያ በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉና ዝግ ብለው፣ “ያስተማረሽስ ሰንበት ነው” አሉኝ።

ኃላፊ ከሆንሁ በኋላ አንድም ቀን ቅዳሜ ሙሌት አላዘዝሁም። ሥራ ተቋራጮች ያጉረመርሙ ነበር። “ሃይማኖተኛ ናት፤ ቅዳሜን ታከብራለች” እያሉ ያወሩብኝ ነበር፤ አላረምኋቸውም። ሰው ስለ እኔ የተሳሳተ ነገር ሲያወራ ዝም ማለት ከዚያ ሰኞ ጀምሮ የለመድሁት ነው። እዚያ ቅጥር በር ላይ ግን፣ የአያ እንየውን እጅ እንደያዝሁ፣ ዝምታዬ የኔ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ያን ቅዳሜ ጋቢ ለብሶ ቤቱ የዋለ አገር ሙሉ ሰው አለ፤ ታሪኩን ለአንድ ሰው ስተውለት የእነርሱንም ድርሻ ነው የሰጠሁት።

ባለፈው ሳምንት ሰላማዊት ደወለች። ጎረቤቴ የሞላው ሶሌታ ደርቆ እንጨቱ ሲነቀል ነበር፤ ጩኸቱ አላሰማኝ ብሎ ወደ ጓዳ ገባሁ።

“እትዬ፣ አርባው ደርሷል። ያችን የሙሌቷን ነገር በአፍዎ ቢነግሩልንስ? የእርስዎ ሌላ ነው።”

“እናገራለሁ” አልኋት። “መጀመሪያ ግን አንቺ ትሰሚያለሽ። መኪናሽን ይዘሽ ነይና ወደ ሽንዲ መንገድ እንውረድ። ድልድዩን አይተሽው አታውቂም። አያ እንየው የሚባሉ ሰው አሉ፤ የነገሩን መጀመሪያ እሳቸው ይነግሩሻል። አባትሽ ቤታቸው ምሳ በልተዋል።”

“ምን ተፈጥሯል፣ እትዬ?”

“ክፉ ነገር አይደለም። ሰምተሽ ስትጨርሺ፣ በአርባው ምን እንደምናገር አብረን እንወስናለን።”

“እሺ” አለች ድምፅዋ ቀንሶ። “መቼ እንሂድ? በሥራ ቀን እንዳናስቸግራቸው።”

“ቅዳሜ” አልኋት። “ቅዳሜ ሁሉንም ቤታቸው ታገኚያቸዋለሽ።”